መሮ በፌስታል

በዚህ ከተማ ስለት የሚጓዘው በፌስታል ነው። ለበዓል ቢላ ሊያስሉ የሚወጡ እናቶችን እዩ፤ ቢላው ፌስታል ውስጥ ነው፣ ጫፉ ግን ከታች ቀድዶ ወጥቶ መንገድ እየመራቸው ነው። መጥረቢያ ገዝቶ የሚገባውን አባወራም እዩ፤ መጥረቢያውና የልጆቹ ዳቦ በአንድ ፌስታል ውስጥ እየተጋፉ ይሄዳሉ። ዳቦው ቤት የሚደርሰው ተቆርሶ ነው።

አያቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። ጎራዴ ያለው ሰው አፎት ነበረው። አፎቱም ተለክቶ በቆዳ የተሰፋ፣ ከጎራዴው እኩል የሚወለወል፣ አንዳንዴም ከጎራዴው በላይ የሚያኮራ ነበር። እኛ የልጅ ልጆች አፎቱን ለሙዚየም አስረክበን ስለቱን ብቻ ወረስን። ፌስታሉም ቢሆን ዕድሜው እያጠረ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። እንግዲህ ወደፊት መንገድ ላይ የሚያስጠይቀን ስለቱ ይሁን የስለቱ ልብስ፣ መለየቱ ሊቸግር ነው።

ይህን ሁሉ ማስተዋል የጀመርኩት ቶርኖ ልማር ከተመዘገብኩ ወዲህ ነው። የብረቱን ሳይሆን የእንጨቱን። እንጨቱ ግራና ቀኝ ጫፉን ተይዞ ይሽከረከራል፤ ሠራተኛው መሮውን ማስደገፊያው ብረት ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ ያስጠጋል፤ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወርዳል። የአልጋ እግር፣ የረከቦት እግር፣ የመጋረጃ እንጨት ጫፍ ላይ የምትቀመጠው ድቡልቡል ጌጥ፣ ሁሉም ከዚያ ነው የሚወጡት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነው ትምህርቱ።

ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉኝ። አንዱ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደመወዝ አልበቃ አለህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ጎልፍ ተጫወተ ሲባል ደመወዙ የበቃው ነው፤ እንጨት ፋቀ ሲባል ያልበቃው።

የሰፈራችን አንዲት እናት ግን ቁርጡን ነገሩኝ፦ «ተምረህ ተምረህ አናጢ?» ቤታቸው ግድግዳ ላይ የጌታን አሳዳጊ የቅዱስ ዮሴፍን ሥዕል ሰቅለው በየዕለቱ ይሳለማሉ። ጸራቢ እንደነበር አልጠፋቸውም፤ እሱ ቅዱስ ስለሆነ ተፈቅዶለታል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን፣ የሚያርሰውን ሳይቀር በየስድቡ ዘርዝረው ነው የከለከሉት። አዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል፤ እኛ ሰፈር ገና አልደረሰም መሰለኝ። መንገዱ ይጨናነቃል።

መማሪያው ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ያለ እንጨት ሥራ ቤት ነው። አጠና ተራን ለማያውቅ፣ ባሕር ዛፍ ቆሞ ሳይሆን ተጋድሞ የሚታይበት ሰፈር ነው። በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ፣ ማገዶ አልቆባት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ደርሳ የነበረችውን ከተማ ባለችበት እንድትረጋ አድርጓታል ይባላል። ዛሬም ፎቁ ሲሠራ መወጣጫው እሱ ነው፤ ድንኳን ሲተከል ምሰሶው እሱ ነው። ለቶርኖ ግን ልቡ የማይገኝ እንጨት ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ጠዋት ቀጥ ያለውን አጠና ማታ ስታየው ሐሳቡን ቀይሯል። መምህራችን «ባሕር ዛፍን የቻለ ዋንዛን ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራል» ይላሉ። ዋንዛ ለስላሳና ቶሎ የማይጣመም እንጨት ነው፣ ዋጋው ግን ተማሪ አይወድም።

መምህራችን ዕድሜያቸው ሰባ የሚጠጋ፣ ጣቶቻቸው ዐሥሩም ያሉ ሰው ናቸው። ይህን ሁለተኛውን እንደ ዲፕሎማ ነው የሚያሳዩት። ገና የመጀመሪያው ቀን እጃቸውን ዘርግተው «ቁጠሩ» አሉን። ቆጠርን። «በቃ፣ የምስክር ወረቀቴ ይሄ ነው» ብለው ወደ ትምህርቱ ገቡ።

ትምህርቱም ስለ እንጨት አልነበረም፤ ስለ ልብስ ነበር። የሚንዘላዘል እጅጌ የለም። ክራቫት የለም፣ ቀለበት የለም፣ ሰዓት የለም። ነጠላና ሻርፕ በሩ ላይ ይሰቀላል። ጸጉር ያስረዘመ ያስራል። ማተብ ያለው ወደ ደረቱ ይከትታል እንጂ አያንዘላዝልም፤ «ክሩ ከተያዘ ማሽኑ ሃይማኖት አይለይም» አሉ። አንድ ወጣት ወፍራም ጓንት ይዞ መጥቶ ነበር፤ በኩራት ሲያጠልቅ አዩትና ቀስ ብለው ከእጁ አወጡት። «ልጄ፣ ጓንት ለሚዞር ነገር አይሆንም። እንጨቱ ጓንቱን ሲይዘው እጅህም አብሮ ይሄዳል።»

ከዚያ ስለ ፊት መከለያ፣ ስለ አቧራ ተነገረን። ከኮሮና የተረፈ ስስ ማስክ ያደረግነውን አይተው አልተደሰቱም። የእንጨት አቧራን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር አምጪ ከሚባሉት ተርታ እንዳሰለፈው ከመካከላችን ያነበበ አንድ ሰው ተናገረ። መምህራችን ዓመተ ምሕረቱን አልጠየቁም፤ «አባቴ በሳል ነው የሞተው፣ እሱም አናጢ ነበር» ብቻ ብለው አለፉ።

ለእኔ ግን ከሁሉ የገባኝ የመብራቱ ነገር ነው። በሌላ አገር የቶርኖ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ምዕራፍ ያለ አይመስለኝም። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ ተማሪው እፎይ ብሎ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። መብራቱ የመጣ ለት ማሽኑ ማንንም ሳያስፈቅድ መዞር ይጀምራል፤ ማስደገፊያው ላይ ተረስቶ የቀረ መሮ ካለም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ የቤቱ ሕግ፣ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ማጥፊያውን፣ ከዚያ ማማረሩን ነው። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ወለሉን ይጠርጋል። ያ ወለል ንጹሕ ነው።

ሌላም አለ። ወፍራም እንጨት በዝግታ፣ ቀጭን በፍጥነት ይዞራል። ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት እንጨቱን በእጅ አንድ ዙር አዙሮ የሚጋጭ ነገር እንደሌለ ማየት ያስፈልጋል፤ ሲነሣም ፊት ለፊት ሳይሆን ገለል ብሎ ነው የሚቆመው። ከፈረሰ መወጣጫ የተገኘ እንጨት ደግሞ ምስማር ደብቆ ስለሚመጣ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ተጠርጣሪ ይመረመራል። ፍተሻ እዚህም አለ ማለት ነው፤ ግን ቢያንስ የሚፈተሸው የሚያጠፋው ነው።

መሮዎቹን የገዛሁት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። ሰፈሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እዚያ የሞተ ነገር የለም፣ ሌላ ነገር ሆኖ የሚነሣ እንጂ። የመኪና ባሌስትራ ገብቶ መሮ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ልጅ ከአሮጌ ሞረድ የተሠራ ቆንጆ መሮ አሳየኝ፤ ሲያብለጨልጭ ልቤ ደነገጠ። መምህራችን ግን አስቀድመው አስጠንቅቀውን ነበር። ሞረድ ሲሠራ እጅግ እንዲጠነክር ተደርጎ ነውና የሚሽከረከር እንጨት በድንገት ሲይዘው አይጎብጥም፤ ይሰበራል። ስባሪው ወዴት እንደሚሄድ ማንም አይመርጥለትም። ባሌስትራ ግን ዕድሜ ልኩን ጉድጓድ ሲችል የኖረ ብረት ነው፤ ኮልፌን በሚሊዮን ጊዜ ተመላልሶ ያልተሰበረ፣ በእኔ እጅ አይሰበርም።

«ባሌስትራውን ስጠኝ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሞረዱ ነው የሚያምረው።»

«ለዚህ ነው የፈራሁት።»

ጎድጓዳው፣ አፉ ሰያፍ የሆነው፣ ቀጭኑ መቁረጫ፣ ሁሉም ተሰበሰቡ። ልጁ ሒሳቡን ተቀበለና ያለምንም ማመንታት ሁሉንም ጠቅልሎ የት ከተተልኝ? በፌስታል።

እዚህ ላይ ነው የከተማችን ነገር የሚያስገርመኝ። ስለቱን እንፈራለን፤ አያያዙን ግን አንፈራም። ማን እንደያዘው እንጠይቃለን፤ እንዴት እንደያዘው የሚጠይቅ የለም። ያ ጓንት ያመጣው ወጣት ከአየር ጤና በጦር ኃይሎች አድርጎ ነው የሚመጣው። አንድ ቅዳሜ ሚኒባሱ ውስጥ ለሦስት በተሠራው ወንበር አራተኛ ሆኖ ተቀምጧል፤ ፌስታሉ ከጭኑ ሥር ነው። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። መሮው ፌስታሉን አልፎ የወንበሩ ስፖንጅ ውስጥ ተሰካ። ከጎኑ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን ሰብስበው «በስመ ኣብ» ሲሉ፣ ረዳቱ ዞር ብሎ አየና የመሮውንም ሒሳብ ጠየቀው። ወንበር ይዟል ብሎ።

ልጁ ሲነግረን ሁላችንም ሳቅን። መምህራችን ግን አልሳቁም። ተነሥተው መሮውን ተቀበሉና አፉን ወደ ብርሃን አድርገው አዩት። «ጥርስ አውጥቷል» አሉ በሐዘን። እኛ ስለ ሴትዮዋ ጉልበት ስንጨነቅ እሳቸው ያዘኑት ለመሮው ነበር። እውነትም መሮና መሮ ፌስታል ውስጥ ሲጋጩ እርስ በርስ ይበላላሉ፤ ግማሽ ሰዓት የተሳለ አፍ ከአየር ጤና እስከ አጠና ተራ ባለው መንገድ ይደንዛል። የደነዘ መሮ ደግሞ ከተሳለው የባሰ ነው፤ ይገፋል፣ ይንሸራተታል፣ ሠራተኛው ጉልበት ይጨምራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የሐኪም ቤት ነገር ነው። አፎት ለሰውም ለስለቱም እኩል ያዝናል።

ኮልፌ ውስጥ ማለዳ የሚቆሙ የቀን ሥራ ጠባቂ አናጢዎች ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል። መጋዛቸውን ከቦርሳ ውጭ ነው የሚያስሩት። ማስታወቂያቸው እሱ ነው፤ መጋዙ ካልታየ ማን ያናግራቸዋል? ግን ቀርባችሁ ጥርሱን እዩት፤ ለሁለት የተሰነጠቀ የውኃ ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ አልብሰውታል። ውኃ ልኩ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ነው። መሮው ጫፍ ላይ ከወፍራም ካርቶን የተቆረጠ ኮፍያ አለ፣ በፕላስተር የታሰረ። ማንም ኮርስ አልሰጣቸውም። እኔ ከፍዬ የምማረውን እነሱ ሥራ እየጠበቁ ያሳያሉ።

ፈታሾቹስ? አንድ ቅዳሜ የትምህርቱን ክፍያ ልከፍል በመንገዴ ያለ ባንክ ጎራ አልኩ። ዘበኛው ጨዋ ሰው ነው፤ ሥራውን ነው የሠራው።

«ጋሼ፣ ቦርሳዎን ይክፈቱት።»

ከፈትኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መሮ ነው።»

«ለምንዎ ነው?»

«ቶርኖ እየተማርኩ ነው።»

መሮውን ትቶ እኔን አየኝ። «በዚህ ዕድሜዎ?»

ይህ የጸጥታ ጥያቄ አይመስለኝም። መሮዎቹ በር ላይ ቀሩ፣ እኔ ገባሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኸው ነው። እኔ ክፉ ሰው ብሆን ኖሮ ከመሮው ይልቅ እኔ ነበርኩ መቅረት የነበረብኝ።

ደግሞ ስለትን የምንፈራው ሁልጊዜ አይደለም፤ በቀን መቁጠሪያ ነው። ትልልቅ በዓላት ሲደርሱ ፖሊስ ወደ አደባባይ የሚወጣው ሰው ስለታም ነገር እንዳይዝ ያሳስባል፤ ትክክል ነው። በዚያው በዓል ጠዋት ግን ሰፈራችን ውስጥ ሙሉ ሰው ቢላውን በእጁ መዝዞ፣ ደም የነካው ካፖርት ለብሶ፣ ከበር በር እየዞረ «የሚታረድ አለ?» እያለ ይጮኻል። ማንም አይደነግጥም። ሕፃናቱ ይከተሉታል። እንዲያውም «ና ግባ» ተብሎ ቡና ይፈላለታል። ያው ሰውዬ ማግሥቱን ያንኑ ቢላ ጠቅልሎ ታክሲ ቢሳፈር ግን አንድ ወንበር ሙሉ ይለቀቅለታል።

ኮልፌ አደገኛ ነገር ተሸክሞ በሰላም ከመውጣት ጋር ትልቅ ታሪክ አላት። በ1954 ዓ.ም. ክረምት አርባ አራት ዓመት የሞላው አንድ የደቡብ አፍሪካ ጠበቃ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ወታደራዊ ሥልጠና ይወስድ ነበር። ኔልሰን ማንዴላ ነው። እሱንም «በዚህ ዕድሜህ?» ያለው ሰው ይኖር ይሆናል። ስድስት ወር ይቆያል የተባለው ሥልጠና ሳይጋመስ ከአገሩ ጥሪ መጣበት። ሲሰናበት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት ስጦታ ሰጡት። በግለ ታሪኩ እንዳወጋው ካርቱም ሲደርስ ማደር ግድ ሆነበትና ሽጉጡን በኮቱ ሥር፣ ጥይቶቹን ከሱሪው ውስጥ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ የነጮች መናኸሪያ የሆነ ሆቴል ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። ይፈራ ነበር፣ ግን አያያዙ የሚያስነቃ አልነበረም። እኔ የማስበው የምናለሽ ተራው ልጅ እጅ ቢወድቅ ኖሮ ነው። ጥይቱን በፌስታል አድርጎ ይሰጠውና ግማሹ ካርቱም አየር ማረፊያ ላይ ይበተን ነበር።

በመጨረሻ ወደ ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ሸራ ወሰድኩለት፤ ለእያንዳንዱ መሮ ኪስ፣ ኪሱ ግርጌ ከጫማ ሰፊ የለመንኩት የቆዳ ቁራጭ፣ ከላይ የሚከደን ክንፍ፣ ሁሉንም ጠቅልሎ የሚያስር ገመድ። ጫፈ ሹሎቹ በወይን ጠርሙስ ቡሽ ይሰካሉ። ክረምት ስለሆነ ብረቱ እንዳይዝግ ዘይት የነካ ጨርቅም ይገባል። ልብስ ሰፊው ለክቶ ለክቶ፣ በአዲስ አክብሮት ቀና ብሎ አየኝ።

«ለካ ዋሽንት ነፊ ነዎት!»

አላስተባበልኩም። ሙሉ ሕይወቴን እንዲህ በአክብሮት ያየኝ ልብስ ሰፊ አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ታክሲ ውስጥም ጥቅሉን በእግሮቼ መካከል ወለሉ ላይ አቁሜ ተቀምጬ ሳለ፣ ከኋላ ያሉ አዛውንት ትከሻዬን ነካ አድርገው «ልጄ፣ አንድ ትዝታ ብትነፋልን ምን አለበት፣ መንገዱ እንደሁ ተዘግቷል» አሉኝ። «አባባ፣ ገና ተማሪ ነኝ» አልኳቸው። ይህ ውሸት አይደለም።

ባንክ ቤቱ ጋ ስደርስ ያው ዘበኛ ነበር። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። መሮዎቹ በየኪሳቸው፣ በየቆዳቸው፣ እጀታቸው ተሰልፎ ተኝተዋል። አንዱን መዘዝ አድርጎ አየ፤ መለሰው፤ ክንፉን ራሱ ከደነው።

«ይሄማ የባለሙያ ነው» አለ። ያው መሮዎች ናቸው።

ገመዱን ሲያስርልኝ ግራ ቀኝ አየና ጠጋ አለኝ።

«ጋሼ፣ ለኔ አንድ ዱላ ይሠሩልኛል? ራሱ ድቡልቡል የሆነ።»

«ከምን እንጨት ይሁን?»

«ወይራ ቢሆን ደስ ይለኛል።» በእጁ መዘነው፣ ገና ያልተሠራውን። «ከበድ ይበል። ከበድ ካላለ ሰው አይፈራም።»

የመጨበጫውን ውፍረት እንድለካ መዳፉን ዘረጋልኝ፣ ለካሁ፣ ጻፍኩ። ከዚያ በሩን ከፈተልኝና መሮዎቹን እዚያው አስቀራቸው።